ደጅ ላይ የቆመችው ጎረቤት

ሱሀይላ አብዱልገኒ ታይፒስት ናት። በ1989 ዓ.ም. ቦሌ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቪላ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ በቀኝ እግሯ የቴፑን ፔዳል እየረገጠች፣ የሰው ድምፅ ወደ ወረቀት ስታወርድ ትውል ነበር። ፔዳሉን ስትረግጠው ድምፁ ይሄዳል፤ ስትለቀው ይቆማል። ቀላል ሥራ ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ተቀምጦ ይሞክረው።

ቪላውን የተከራየው ከውጭ የመጣ ድርጅት ነበር። ያን ጊዜ ዓለም ስለ ሩዋንዳና ስለ ቦስንያ ሴቶች ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር ጀምሯል፤ በጦርነት መካከል ሴትን መድፈር የጦርነት ዕጣ ሳይሆን ወንጀል ነው፣ ይጻፍ፣ ይመስከርበት፣ የተጎዱትም ይታከሙ የሚለው ሐሳብ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲዞር ቆይቶ ቦሌ ደርሶ ነበር። ድርጅቱ ከሰባት ዓመት በፊት በጦርነት ከወሎ ተፈናቅለው፣ ጎሮ አካባቢ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ የሚኖሩ ሴቶችን ቃል ይቀበላል። ቃሉ ተጣርቶ ጄኔቭ ይሄዳል። በራሷ ላይ ጉዳት መድረሱን የተናገረች ሴት ደግሞ ስሟ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል ትታከማለች። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ሱሀይላም እዚያ በመቀጠሯ ትኮራ ነበር።

ቃል የምትቀበለው ፊዮሪ ናት፤ ውጭ አገር ሕግ ተምራ የተመለሰች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የመቀሌ ሰው ልጅ። የበላይዋ ሄልጋ የምትባል ፈረንጅ ነበረች፤ ብዙ አታወራም፣ የምታወራው ግን ሁሉ ቅጽ ላይ ይጻፋል። ሴቶቹን ከጎሮ የሚያመጣውና የሚመልሰው የሱሀይላ ባል ሃይደር ነው፤ ሚኒባሱን ለድርጅቱ አከራይቶ። እሱ ነው ሥራውን ያገኘላት ወይስ እሷ ናት ያገኘችለት የሚለው፣ ቤታቸው ውስጥ እስከ መጨረሻው ያልተፈታ ክርክር ነበር።

ፊዮሪ ገና በመጀመሪያው ቀን ሃይደርን ጠርታ አስጠነቀቀችው። "ሴቶቹ ሕመምተኞች ናቸው። መኪናው ሲነጥር ያማቸዋል። እባክህ ቀስ ብለህ ንዳ።" የጎሮ መንገድ ደግሞ ያን ጊዜ መንገድ የተባለው ሌላ ስም ጠፍቶለት ነው። ሃይደር ሴቶቹን ሲጭን እያንዳንዱን ጉድጓድ እየዞረ፣ እንቁላል የጫነ ይመስል ይነዳል። እነሱን አውርዶ ሱሀይላን ይዞ ሲመለስ ግን ያው የታክሲ ሹፌር ነው፤ ገርጂ ቤታቸው እስኪደርሱ ሱሀይላ ከመቀመጫዋ እየተነሳች ትወድቃለች። "ኧረ ቀስ!" ስትለው "አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ቀስ የምልልሽ?" ይላታል እየሳቀ። እሷም ትስቃለች።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሴቶች የደረሰባቸውን ተናገሩ። ከባድ ነበር፤ ሱሀይላ ጻፈችው። ስምንተኛዋ ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ።

"በኔስ ምንም አልደረሰ፤ አላህ ጠበቀኝ" አለች ስምንተኛዋ ሴት። "ጎረቤቴ ላይ ነው የደረሰው።" ከዚያ ወታደሮቹ ስንት እንደነበሩ፣ ጎረቤቷን ከየትኛው ጓዳ እንዳወጧት፣ አንዱ ጫማውን እንዴት አድርጎ እንደፈታ ተረከች። ጣሪያው ላይ ስንት ማገር እንደነበረ እንኳ ታውቃለች፤ አሥራ ዘጠኝ ነበር አለች።

"የጎረቤትዎ ስም ማን ነው?" የፊዮሪ ድምፅ ጠየቀ።

ቴፑ ጭጭ አለ። ሱሀይላ የተበላሸ መስሏት ፔዳሉን ደጋግማ ረገጠች። አልተበላሸም፤ ካሴቱ እየዞረ ነው።

"አሁንስ የት ናት?"

"ደጅ ቆማለች" አለች ሴትዮዋ። "ግቢ ብላት አትገባም።"

ሱሀይላ ድምፅ በጠፋበት ቦታ በቅንፍ "ዝምታ" ብላ ጻፈች፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነበር።

ዘጠነኛዋ ሴት ከሌላ ወረዳ የመጣች ናት። እሷም "ጎረቤቴ" አለች። ስም ስትጠየቅ ያንኑ ያህል ዝም አለች፤ ጎረቤቷ የት እንዳለች ስትጠየቅም "ደጅ ላይ ናት፤ እንቢ አለች መግባት" አለች። አሥረኛዋም እንዲሁ። አንዷ ከደጋ፣ አንዷ ከቆላ፣ መጋዘኑ ውስጥ እስኪገናኙ ተያይተው የማያውቁ ሴቶች፣ ሁሉም ደጅ የቆመች አንዲት ጎረቤት ነበረቻቸው። ሱሀይላ ሦስተኛውን "ዝምታ" ስትጽፍ አንዲት ሴት ከመንደር መንደር እየዞረች፣ ከእያንዳንዷ በር እየቆመች የመጣች መሰላት።

ፊዮሪ ደግሞ የሕግ ሰው ናት፤ ጎረቤቶቹ ደጅ አሉ ከተባለ ደጅ ይፈለጉ አለች። የቪላውን ዘበኛ ጋሽ ፍስሃን ጠየቀቻቸው። እሳቸው የገባና የወጣ ሰው የሚመዘግቡበትን ደብተር ገልጠው፣ "ዛሬ አራት ሴቶች ገቡ፤ አራቱም ወጡ። ደጅ ማንም የለም፤ ውሻ እንኳ የለም" አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ጋሽ ፍስሃ ሴቶቹ ሲመጡ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ማማተብ ጀመሩ።

ሃይደርም ግራ ገብቶታል። "ፊዮሪ ጎረቤቶቹንም ጫናቸው ብላኛለች" አለ አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ። "መጋዘኑ ደጃፍ ቆሜ፣ 'ጎረቤቶቻችሁም ይምጡ፣ ቦታ ሞልቷል' ብል፣ እርስ በርስ ተያዩ። ምን ያሉ ጎረቤቶች ናቸው? አድራሻቸውን ቢነግሩኝ እኮ ራሴ ሄጄ አመጣቸው ነበር።"

ሱሀይላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ገርጂ፣ ከቤታቸው አጠገብ፣ ባለቤቱ ጀምሮ የተወው አንድ ቤት አለ። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣ በር ግን አልገባለትም፤ የበሩ ቦታ ክፍቱን ጨልሞ ይታያል። ከዚያ ሳምንት ወዲህ በዚያ ስታልፍ ፊቷን ማዞር ጀምራ ነበር። ሃይደር አላስተዋለም።

ሲቲ የመጣችው በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ አሪቲ የቋጠረች ሴት። ወንበር ሲሰጧት አልተቀመጠችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሱሀይላ ውሃ በብርጭቆ አመጣችላት። ሲቲ ተቀብላ አልጠጣችም። በሱሀይላ ትከሻ አሻግራ ስትመለከት ቆየችና፣

"ያችኛዋስ አልጠማትም?" አለች።

"የቷ?"

"ከኋላሽ ያለችው።"

ሱሀይላ ዞረች። ባዶ ኮሪደር፤ በወዲያኛው ጫፍ የሷ ጠረጴዛና የሷ ታይፕ። ማንም የለም።

"ማንም የለም" አለች።

"እሺ እህቴ። ከሌለች የለችም" አለች ሲቲ፣ ብርጭቆውን እየመለሰችላት። "አብሽሪ።"

ይህች "አብሽሪ" ሱሀይላን ከቆመችበት አንስታ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደቻት። እናቷ እንዲህ ነበር ያለቻት፤ በዚህች ቃል፣ በዚህ ድምፅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱሀይላ በተወለደችበት የወሎ ቀበሌ አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባት "እኔን" አትልም። እናቷ ወይም አክስቷ ዘንድ ትሄድና "ጎረቤታችንን እንዲህ አደረጓት" ትላለች። ሰሚዋ ሴት "የቷን ጎረቤት?" ብላ አትጠይቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው። "ለጎረቤትሽ ይኸን ቀቅለሽ አጠጫት፤ በዚህ እጠቢያት፤ አብሽሪ በያት" ትልና መድኃኒቱን ታስይዛታለች። ተናጋሪዋ ተቀብላ ትሄዳለች። ክብሯም አይነካም፣ ቁስሏም ይታጠባል። ይህን ሴቶች እንጂ ወንዶች አያውቁትም፤ ሃይደር የዚያው አገር ሰው ልጅ ሆኖ አያውቅም። መቀሌም ውጭ አገርም የተማረችው ፊዮሪ ከየት ትወቀው?

ሱሀይላ በ1982 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። የወታደሮቹን ማንነት ዛሬም አትናገርም፤ ወታደሮች ነበሩ፣ በቃ። ወደ እናቷ ገብታ "ጎረቤታችንን" አለች። እናቷ ውሃ አሞቀች፣ ባለ አበባ ቀሚሷን አስወልቃ እሳት ውስጥ ጨመረችው። "ጎረቤትሽ እስክትድን እኔ አጠገብ ትተኛ። አብሽሪ በያት" አለቻት። ከዚያ እናቷ ሞተች። ሱሀይላ አዲስ አበባ መጣች፣ ታይፕ ተማረች፣ ሃይደርን አገባች። ጎረቤቲቱን እዚያው አገሯ ትታት የመጣች መስሏት ነበር። ጎረቤቲቱ ግን መንገድ ታውቅ ኖሯል።

የሲቲን ካሴት የጻፈችው በማግስቱ ነው። የሲቲ ጎረቤት ከሁሉም የባሰች ነበረች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሽንቷን መቋጠር አቅቷት፣ ሰው እንዳይሸታት ስትሸሽ፣ የተቀመጠችበት እንዳይረጥብ ሰባት ዓመት ቆማ የኖረች ናት።

"እርስዎስ? በእርስዎ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም?" አለች ፊዮሪ በቴፑ ላይ።

"እኔ ምን ሆኜ! ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አይቀመጡም?"

"ለምጄው ነው ልጄ።"

ፊዮሪ አንድ ወረቀት ላምጣ ብላ ስትወጣ ተሰማ፤ በሩ ተዘጋ። መቅጃውን ማጥፋት ረስታለች። ሱሀይላ እግሯን ከፔዳሉ ልታነሳ ስትል የሲቲ ድምፅ መጣ፣ በሹክሹክታ። "ነገርኩልሽ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ልበልልሽ? በቃ ዝም በይ።"

ጥቂት ቆየ። ከዚያ ያው የሲቲ ጉሮሮ፣ ግን ቀጥኖ፣ ከሩቅ የምትጠራ ልጃገረድ ድምፅ ሆኖ፣ "እሺ" አለ።

ሱሀይላ ወደ ኋላ መልሳ ሰማችው። "እሺ።" ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ፔዳሉን አልረገጠችም፣ ማዳመጫውም ጆሮዋ ላይ የለም። "እሺ" የሚለውን ሦስተኛ ጊዜ ሰማችው።

ትእዛዙ በቴፕ ላይ ያለ ሁሉ ይጻፍ ነው። ሱሀይላ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችውን ሳትጽፍ ቀረች። ሲቲ ያንን ለቴፑ አልተናገረችውም።

ሐሙስ ዕለት ፊዮሪ ካሴቶቹን በሁለት ክምር ከፍላ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። በአንዱ ሰባት፣ በሌላው አሥራ አንድ። "ሰባቱ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል" አለች። ዓይኖቿ ደክመዋል። "አሥራ አንዱ የሰሚ ሰሚ ናቸው። ሄልጋ እሑድ ትሄዳለች፤ ዝርዝሩም ነገ ይዘጋል። የማንጠቀምበትን ቃል ማቆየት ደግሞ ለሴቶቹ አደጋ ነው፣ ደንቡ ይጥፋ ይላል። ነገ ጠዋት ባዶ ቅጂባቸው።"

"የሲቲንም?"

"የሲቲንም።"

"ታማለች እኮ ፊዮሪ።"

"ዓይን የለኝም እንዴ? አይቻለሁ! ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ደህና ነኝ አለች። ያላለችውን ብጽፍ የኔ ቃል ነው እንጂ የሷ አይደለም። አንድ ጠበቃ ይህን ቢደርስበት ሰባቱንም አብሮ ይጥልብኛል።" ፊዮሪ ካሴቱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። "ያቺን ጎረቤት አምጡልኝና ነገውኑ ሆስፒታል ላስገባት!"

ክፋቱ፣ ፊዮሪ ያለችው ሁሉ ትክክል ነበር።

ሱሀይላ አንድ ቃል ብትናገር ሲቲ ትድናለች፤ ባትናገር ደግሞ ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ትኖራለች። ግን ሲቲ ገመናዋን ለማንም አልሰጠችም፤ ሸፍና ነው የያዘችው። ሱሀይላ ያንን ሽፋን ሳታስፈቅዳት ብትገፍፈው፣ ወታደሮቹ የጀመሩትን መጨረስ ነው የመሰላት። "እሺ" ብላ ካሴቶቹን ተቀበለች። "እሺ" ስትል የራሷ ድምፅ ሌላ ሆኖ ተሰማትና ደነገጠች።

ሃይደር ያን ቀንም እንደ ልማዱ ነዳ። ገርጂ ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሱሀይላ ከመኪናው ወርዳ፣ በዚያ በር በሌለው ቤት በኩል ስታልፍ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ፊቷን አላዞረችም። በበሩ ክፍት ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ፊቷ አይታይም። የለበሰችው ባለ አበባ ቀሚስ ነው፤ እናቷ እሳት ውስጥ የጨመረችው። ሱሀይላ ቆመች። ሴትዮዋም እንደቆመች ናት፤ አትቀርብም፣ አትሸሽም፣ ገብታም አትቀመጥም።

"ምን ታያለሽ?" አለ ሃይደር ከኋላዋ።

"ማንንም" አለች ሱሀይላ።

ሃይደርም አየ፤ ለእሱ ባዶ ቤት ነው። "ይኸ ሰውዬ ቤቱን ሳይጨርስ ሊሞት ነው እንዴ?" ብሎ ገባ።

ዓርብ ጠዋት ሱሀይላ አሥራ አንዱን ካሴቶች ይዛ ቃል መቀበያው ክፍል ገባች። ካሴት የሚጠፋው እንዲህ ነው፦ መቅጃው ውስጥ ይከተታል፣ ሁለቱ ቁልፎች አብረው ይጫናሉ፣ ከዚያ ሰው ሳይናገር፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ካሴቱ እስኪያልቅ ይጠበቃል። የክፍሉ ዝምታ በሰው ቃል ላይ ይቀዳበታል። ከላይ ያለው የሲቲ ነበር። አስገባችው። ሁለቱን ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አኖረች።

ክፍሉ ውስጥ የአሪቲ ሽታ ነበር፤ ሲቲ ከመጣች ሦስት ቀን ሆኗታል። ሱሀይላ ጣቶቿን ማንሳትም መጫንም አቃታት። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ተራምዶ መጣና ከበሩ ውጭ ቆመ። የጋሽ ፍስሃ እርምጃ አይደለም፤ የፊዮሪም ጫማ አይደለም። ባዶ እግር ነው። ማንኳኳት የለም፣ መግባትም የለም። ሱሀይላ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ወታደሮቹን እንኳ እንደዚያ አልፈራችም፤ ያን ጊዜ ለመፍራት ጊዜ አላገኘችም ነበር።

የሲቲን ካሴት አወጣች። ከመሳቢያው አዲስ ካሴት አንስታ አስገባችና ሁለቱን ቁልፎች ተጫነች።

"ጎረቤቴ" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እንስራዋን ይዛ ከምንጭ ስትመለስ ነው ያገኟት።" ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ስንት እንደነበሩ፤ ምን እንደሚሸቱ፤ እንስራው ሳይሰበር መንገድ ዳር ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ጎረቤቷም እስኪሄዱ ድረስ እሱን እሱን ብቻ ማየቷን። ስትጨርስ ጠያቂ ስላልነበረ ራሷን ጠየቀች፤ ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፋዋለች፣ በቃሏ ታውቀዋለች።

"የጎረቤትሽ ስም ማን ነው?"

ካሴቱ ዞረ፣ ዞረ። አንዲት ሴት ስሟን ለመናገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባት ያን ጊዜ ገባት።

"ሱሀይላ አብዱልገኒ" አለች። "እኔ ነኝ።"

"አሁንስ የት ናት?"

በሩን አየችው። "ደጅ ቆማለች" ልትል ጀምራ ተወችው። ተነስታ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ኮሪደሩ ባዶ ነው። "ግቢ" አለች ለባዶው። "ግቢ በቃ። ሰባት ዓመት አይበቃሽም?" ተመልሳ ስትቀመጥ ከፊት ለፊቷ ያለው ወንበር፣ ሲቲ ያልተቀመጠችበት፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ ሲጥ አለ። ሱሀይላ አልሸሸችም። አለቀሰች፤ ካሴቱ ልቅሶዋን ቀዳው።

በመጨረሻ ማይኩን ወደ ራሷ አስጠጋች። "ፊዮሪ፣ ይህን የምነግርሽ ስለኔ ነው፤ ስለሌላ ስለማንም አይደለም። ግን አገራችን እንዲህ ነው የሚነገረው። ጎረቤቴ ያለችሽን ሴት ስም አትጠይቂያት። ለጎረቤቷ ምን መድኃኒት እንደምትወስድላት ጠይቂያት።"

ካሴቱ ላይ "19" ብላ ጻፈችበትና ካልጠፉት አሥራ አንዱ ጋር የፊዮሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ፊዮሪ በሯን ዘግታ ሰማችው። ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ወደ ሱሀይላ ጠረጴዛ መጥታ፣ "መጻፍ አለበት፤ ሄልጋ ካላነበበችው አይሆንም" አለች። "ግን ማን ይጻፈው? ሌላ ታይፒስት የለንም። አንቺን ደግሞ እንዴት..."

"እኔ እጽፈዋለሁ" አለች ሱሀይላ።

ማዳመጫውን ደፍታ፣ ፔዳሉን ረግጣ የራሷን ድምፅ ጻፈች። ስሟ ከመጠራቱ በፊት ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ በቅንፍ "ዝምታ" ብላ አለፈች፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነበር።

ሄልጋ ትርጉሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው ተባለ። ምን እንዳሰበች ማንም አያውቅም፤ ብቻ የእሑዱን በረራ አስተላለፈች፣ ዝርዝሩ እንዳይዘጋ አዘዘች፣ በቅጹም ላይ አንድ ገጽ ጨመረች። ሰኞ ዕለት አሥራ አንዱ ሴቶች ተመልሰው መጡ። ፊዮሪ በዚህኛው ቀን ቴፑን አልከፈተችም። ሲቲ ግድግዳውን ተደግፋ እንደቆመች፣ እሷም አብራት ቆመች።

"ለጎረቤትዎ ሐኪም አግኝተንላታል" አለቻት። "ግን እሷ ሆስፒታል መምጣት አልቻለችም። እርስዎ ይሄዱላታል?"

ሲቲ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ በክፍቱ በር፣ ኮሪደሩ ጫፍ ታይፗ ላይ ያቀረቀረችውን ሱሀይላን አየች።

"እሄድላታለሁ" አለች።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ለጎረቤቶቻቸው ሄዱላቸው። ሁለቱ ግን "የኛ ጎረቤት ሞታለች" ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ፊዮሪ እስከ በሩ ድረስ ተከትላቸው ለመነቻቸው፤ እንቢ አሉ። ሱሀይላ እነዚያን ሁለቱን እስከ ዛሬ ታስባቸዋለች።

ሲቲ ከሆስፒታል የወጣችው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሃይደር ሊያመጣት ሲሄድ ሱሀይላ አብራው ሄደች። ሃይደር ሞኝ አይደለም፤ ሲቲን "ለጎረቤቷ ልትታከም" ሆስፒታል ካደረሰበት ቀን ወዲህ ስለ ጎረቤቶቹ መቀለዱንም መጠየቁንም ትቷል። ሲቲ መኪናው ውስጥ ገብታ፣ ወንበሩን በእጇ ዳሰስ አድርጋ፣ ተቀመጠች። እስከ ጎሮ ድረስ ተቀምጣ ሄደች። ሃይደር ጉድጓዱን ሁሉ ቀስ እያለ ዞረላት።

መጋዘኑ ደጃፍ ወርዳ፣ የመኪናውን በር እንደያዘች ወደ ሱሀይላ ጎንበስ አለች።

"ጎረቤትሽስ?" አለቻት። "እንዴት ሆነችልሽ?"

ሃይደር መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ሬዲዮው አልተከፈተም። "ደህና ናት" ማለት ነበረባት፤ ወጉ እንደዚያ ነው፣ ነገሩም በሁለት ሴቶች መካከል ተጀምሮ በሁለት ሴቶች መካከል ያልቅ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የባሏን ዓይኖች አየች፤ እነሱም ያዩዋት ነበር።

"ደህና ነኝ" አለች ሱሀይላ።

"አልሀምዱሊላህ" አለች ሲቲ፤ በሩን ዘጋችላትና ሄደች።

ሃይደር እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ። ሱሀይላ ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች፤ አልጠየቃትም። ከዚያ መኪናውን አንቀሳቀሰ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይዞ ዞረው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ዞረው። መኪናው ውስጥ ከሱሀይላ በቀር የጫነው ሰው አልነበረም። እስከ ገርጂ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልነጠረም።